አልጋው ታንኳ የሆነበት ቀን

ወንዝ ዳር የሰፈረ ወታደር እንደሚያውቀው፣ በበጋ ጫማውን አውልቆ የተሻገረው ወንዝ በክረምት ሌላ ወንዝ ነው። ከብት የሚረግጠው፣ አሸዋው የሚታየው መሻገሪያ ሐምሌ ሲገባ ግንድ ተሸክሞ የሚጋልብ ደራሽ ይሆናል። ድልድይ በሌለበት ስፍራ ያን ውኃ መሻገር ግድ የሆነበት ሰው ከጉልበቱ ይልቅ የሚያስፈልገው በእጁ ያለውን ዕቃ ማወቅና ቋጠሮውን የሚመረምርበት ትዕግሥት ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆን አንድ አሮጌ ታሪክ ከሁመራና ከመተማ ማዶ፣ በገዳሪፍ ምድር ተፈጽሟል።

ከላስታ ተራሮች የሚነሣው ተከዜ በድንበሩ አካባቢ ሰቲት ይባላል። ከጎንደር ከፍታዎች ወርዶ በመተማ በኩል የሚያልፈው ጓንግ ደግሞ ማዶ ሲሻገር አትባራ ይባላል። ሁለቱ በምሥራቅ ሱዳን ተገናኝተው ወደ ዓባይ ያመራሉ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር ከባለቤቱ ከፍሎረንስ ጋር ወደዚህ አገር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1861 ሲሆን፣ ዓላማውም ከኢትዮጵያ የሚወርዱትን የዓባይ ገባሮች መመርመር ነበር። ከገዳሪፍ ወደ ሰሜን ርቆ፣ በአትባራ ዳርቻ በሰፈረበት ወቅት ወንዙ ከጥቂት ኩሬዎች በቀር ደረቅ አሸዋ ነበር። ሰኔ 23 ቀን ሌሊት ግን እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ። በማግሥቱ ጧት በዚያው አሸዋ ላይ ስፋቱ 450 ሜትር፣ ጥልቀቱም ከ4 እስከ 6 ሜትር የሚገመት ወንዝ ይፈስ እንደ ነበር ጽፏል። በሰፈሩበት አካባቢ ዝናብ አልዘነበም፤ ውኃው የመጣው ከኢትዮጵያ ተራሮች ነበርና።

ባልና ሚስቱ ክረምቱን ከገዳሪፍ በስተምሥራቅ በምትገኘው ሶፊ በተባለች የአትባራ ዳር መንደር አሳለፉ። በመስከረም ወር ወደ ማዶ ለመሻገር ሲነሡ ወንዙ ገና ሙሉ ነበር። ጀልባ አልነበራቸውም፤ ስለሆነም ቤከር ዓይኑን ወደ ቤት ዕቃው መለሰ። የሚተኙበትን አልጋ አመጣ። ከሥሩ በአየር የተነፉ 8 ስልቻዎች አሰረበት። በአልጋው ላይ ደግሞ ዳር እስከ ዳር 1 ሜትር ከ12 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ክብ የገላ መታጠቢያ ሳፋ ጠፈረ። ባለቤቱም ዕቃውም ውኃ ሳይነካቸው የሚሻገሩት በዚህ ነበር። ባሩድ የያዘው፣ ውኃ የማያስገባ የብረት ሣጥን ከኋላ ታስሮ ተጎተተ። ጎታቾቹም የአገሩን ውኃ ጠንቅቀው የሚያውቁ 4 ጉማሬ አዳኞች ሲሆኑ፣ የሚተኳቸው ዋናተኞችም ተዘጋጅተው ነበር። የሶፊ ወንዶች ለሥራው ወጡ፤ መሻገሩም በሰላም ተፈጸመ።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። አልጋ፣ ሳፋና ስልቻ በየቤቱ የሚገኙ ዕቃዎች ናቸው። አዲስ ነገር የሆነው አያያዛቸው ነው። የዚህ ዓይነቱ ታንኳ ነፍሱ ያለው በእንጨቱ ወይም በቆዳው ሳይሆን በማሰሪያው ላይ ነው።

ነገሩን በሒሳብ እንመልከተው። አንድ ሊትር አየር ውኃ ውስጥ ሲገባ አንድ ኪሎ ያህል ክብደት ያነሣል። ለምሳሌ እያንዳንዱ ስልቻ 25 ሊትር የሚይዝ ቢሆን 8ቱ 200 ኪሎ ያህል ይሸከማሉ ማለት ነው። ከዚህ ላይ የአልጋው፣ የሳፋውና የጠፍሩ ክብደት ይቀነሳል። አንድ ስልቻ ቢተነፍስ በወረቀት ላይ የጠፋው 25 ኪሎ ብቻ ነው። በውኃ ላይ ግን ጉዳቱ ከዚህ ይበልጣል፤ ስልቻው በማዕዘን የታሰረ እንደ ሆነ ታንኳው በዚያ በኩል ይዘምማል፤ ጭነቱም ወደ ተዘመመው ጎን ይንሸራተታል። ስለዚህ ብልኅ ሰው ሙሉ ሸክም አይጭንም፤ እያንዳንዱንም ስልቻ በየራሱ ማሰሪያ ያስራል። ሁሉን በአንድ ረጅም ገመድ ያሰረ ሰው፣ ገመዱ በአንድ ቦታ ሲበጠስ ሁሉንም ያጣል።

ስልቻውም ቢሆን ሳይመረመር አይታመንም። ቆዳው ሲደርቅ ይሰነጠቃልና ቅባት ይሻል። ነፍተው ውኃ ውስጥ ሲደፍቁት አረፋ የሚወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ትንሽ ቀዳዳ በእሾህ ወይም በትንሽ የእንጨት ውታፍ ተደፍኖ ዙሪያው በክር ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ሰፊውን ቅድ ግን በእንዲህ ያለ ጥገና ማለፍ ራስን ማታለል ነው።

ከሁሉ የሚያሳስተው ጠፍሩ ነው። ያልተለፋ ቆዳ ርሶ ታስሮ ሲደርቅ እንደ ብረት ይጨብጣል፤ ያየው ሁሉ አበቃ፣ ጠነከረ ይላል። ያው ጠፍር እንደገና ውኃ ሲጠጣ ግን ይለሰልሳል፣ ይረዝማል፣ ቋጠሮውም ይላላል። በመሆኑም የመጀመሪያው ጉዞ ያለ ሰው፣ በዳር በዳር መሆን አለበት። ከዚያ ታንኳው ወጥቶ ማሰሪያው ሁሉ ዳግመኛ ይጠብቃል። ከእያንዳንዱም ምልልስ በኋላ እጅ ቋጠሮውን መዳሰስ ይገባዋል።

ይህ ሕግ በአትባራ ብቻ የሚሠራ አይደለም። የጣና ሰው የደንገል ታንኳው ውኃ ሲጠጣ ከሐይቁ አውጥቶ ያደርቀዋል፤ የላላውንም ያጠብቃል። በባሕር ላይ የሸራ ጀልባ ያለው ሰውም የፊት ሸራውን የሚጠቀልልበት አሮጌ መዘውር ተበላሽቶበት ጠግኖ ሲመልሰው፣ አስቀድሞ የሚያየው ገመዱ የሚታሽበትንና ማያያዣው የሚሰካበትን ቦታ ነው። ነፋስ በበረታ ጊዜ መዘውሩ ሸራውን ካልጠቀለለለት ጀልባው ከእጁ ይወጣልና። አሮጌ ዕቃ አሮጌ በመሆኑ ብቻ አይጣልም፤ መጋጠሚያው ሳይታይ ግን አይታመንም።

የነዚህ ወንዞች ገጽ ዛሬ ተለውጧል። በአትባራና በሰቲት ላይ የተሠሩት የሩሜላና የቡርዳና ጥምር ግድቦች እ.ኤ.አ. በ2017 ተመርቀዋል፤ ሶፊ በነበረችበት አካባቢም ሰፊ የግድብ ውኃ ተኝቷል። የመሻገር ችግር ግን ከሰው ልጅ ላይ አልተነሣም። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2020 ጀምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ በተደረገው ጦርነት ምክንያት ከ60 ሺሕ የሚበልጡ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰደዋል። ብዙዎቹ በሐምዳይት በኩል ወንዙን በትናንሽ ጀልባዎች ተሻግረዋል። እናት ሕፃን ታቅፋ በምትቀመጥበት ጀልባ ላይ ያለው ቋጠሮ የማን እጅ እንዳሰረው አታውቅም፤ ሕይወቷ ግን በእርሱ ላይ ነው።

ስለዚህ ይህ ጉዳይ የጦር ሠፈሩም የቤተሰቡም ጉዳይ ነው። ክረምት ከመግባቱ በፊት አባት ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ የቤቱን ገመድ ይመርምር፤ የተበላውን ቆርጦ ይጣል፤ የማይሾልክ ቋጠሮም ያስተምራቸው። እናትም የጀሪካኑን ክዳንና ስንጥቅ ውኃ ሞልታ ትፈትን። ለልጆችም ደጋግሞ ሊነገራቸው የሚገባው፣ በአናቱ ሰማይ ጠርቶ ሳለ ወንዝ ሊመጣ እንደሚችልና ደራሽ እየወረደ ሳለ የሚያዋጣ ታንኳ እንደሌለ ነው። ቤከር እንኳ ዋናተኛና ዕቃ ሳያጣ ከመሻገሩ በፊት ሳምንታት ጠብቋል።

ከታሪኩ የሚቀረው ትምህርት አጭር ነው። ያ ሰው በዚያ ሳፋ ውስጥ ባለቤቱን አስቀምጧል። እኛም ለሌላ ሰው ገመድ ስናስር፣ ጭነት ስንጠፍር፣ ድንኳን ስንወጥር መለኪያችን ይኸው ይሁን፦ የራስህን ቤተሰብ የማታሳፍርበትን ታንኳ ለባልንጀራህ አትስጥ።