የቸኮሌት ጣዕም ቅባቱ ውስጥ አይደለም

ቅባቱ የተቀነሰ የቸኮሌት ጣፋጭ ሲባል ብዙ ሰው ቅመም ያልገባበት ወጥ የቀረበለት ያህል ቅር ይለዋል። ሥጋቱ ግን ካካዎ ከምን እንደተሠራ ካለማየት የመጣ ነው። ከፍሬው ግማሽ ያህሉ የካካዎ ቅቤ የሚባለው ቅባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1828 ኔዘርላንድ ውስጥ የቫን ሁተን ቤተሰብ ይህን ቅባት በመጭመቂያ የሚለይበትን ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ፤ የካካዎ ዱቄት የምንለውም ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ ተፈጭቶ ነው። የኑግ ፋጉሎ ለከብት ይሰጣል፤ የካካዎው ግን ቀለሙን፣ ምሬቱንና አብዛኛውን መዓዛ ይዞ ይቀራል። ለዚህ ምስክሩ ነጭ ቸኮሌት ነው። የሚሠራው ከካካዎ ቅቤ፣ ከስኳርና ከወተት ሲሆን ዱቄቱ የለበትም። ጣዕሙን የሚሸከመው ቅቤው ቢሆን ኖሮ ነጩ ከጥቁሩ በላይ ቸኮሌት ቸኮሌት ባለ ነበር።

እርግጥ ቅባት ሥራ የለውም ማለት አይደለም። የካካዎ ቅቤ የሚቀልጠው ከሰውነታችን ጥቂት ዝቅ ባለ ሙቀት በመሆኑ አፍ ውስጥ ሲገባ ይሟሟል፤ ይህን ልስላሴ ዱቄት ብቻውን አይሰጥም። ምትኩ አጥሚት ለሚያውቅ ቤት እንግዳ አይደለም፤ ስታርች ሲሞቅ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ፈሳሹን ያወፍረዋል። ለ4 ሰው 4 የሾርባ ማንኪያ ካካዎ (ያልጣፈጠውን)፣ 3 ማንኪያ የበቆሎ ስታርች፣ 5 ማንኪያ ስኳርና ቁንጥር ጨው ይደባለቃል። ከዚያ ቅባቱ ከወጣለት ግማሽ ሊትር ወተት ላይ በቀዝቃዛው ጥቂት ተቀንሶ፣ ድብልቁ እንዳይጓጉል በእሱ ይበጠበጣል። የቀረው ወተት ሲሞቅ ብጥብጡ ይጨመርና ሳያቋርጡ እያማሰሉ ማብሰል ነው። መንተክተክ ከጀመረ በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ መቆየቱ ግድ ነው፤ ቶሎ ያወረዱት ጥሬ ጥሬ ይላል። ከወተቱ አንድ ሲኒ ቀንሶ በምትኩ የጀበና ቡና መጨመር ካካዎውን ያጎላዋል፤ ሁለቱም የተቆሉ ፍሬዎች ናቸውና ምሬታቸው ይስማማል። በአኩሪ አተር ወተት ከተሠራ ደግሞ ለጾም ይሆናል። ከ10 እስከ 12 በመቶ ቅባት ባለው ዱቄትና ቅባቱ በወጣለት ወተት ሲሠራ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ቅባት 1 ግራም ገደማ ነው። አንዲት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ብቻዋን 11 ግራም ያህል አላት።

«ስኳሩስ?» የሚል ጠያቂ እውነት አለው። ቅባት በግራም 9 ካሎሪ ሲሰጥ ስኳር 4 ይሰጣል፤ ስለዚህ ቅባቱ ወጣ ተብሎ ስኳር ከተቆለለበት ትርፉ ይጠፋል። ለሚጠጣ ቸኮሌት ተብለው የሚሸጡት የጣፈጡ ዱቄቶች ብዙዎቹ በአመዛኙ ስኳር ናቸው፤ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ቤት ውስጥ ሲሠራ ማንኪያው በእጅ ነው። ከ5ቱ አንዱን ቢቀንሱት እምብዛም አይታወቅም፤ ከዚያ በታች ግን ምሬቱ ያይላል፣ ያኔ በደንብ የበሰለ ሙዝ ፈጭቶ ማቀላቀል ያለዝበዋል።