ላይክ መድኃኒት ይገዛል ወይ?

እ.ኤ.አ. በ2014 ሐምሌና ነሐሴ ፌስቡክን ከፍቶ በረዶ የተቀላቀለበት ውኃ በባልዲ በራሱ ላይ የሚቸልስ ሰው ሳያይ የዋለ ጥቂት ነው። ሕጉ ቀላል ነበር፤ ውኃውን የቸለሰ ሦስት ሰዎችን በስም ይጠራል፣ የተጠራው በ24 ሰዓት ውስጥ ወይ ይቸልሳል ወይ ገንዘብ ይሰጣል። ብዙዎች ሁለቱንም አደረጉ። የታዘቡ ሰዎች ግን ታይታ ነው፣ ውኃ ማባከን ነው ብለው ተቆጡ።

ሒሳቡ ሲሠራ ግን ከዚህ ዘመቻ የአሜሪካው የኤ.ኤል.ኤስ ማኅበር በስምንት ሳምንት 115 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሏል። ኤ.ኤል.ኤስ ጡንቻን የሚያዙ ነርቮችን እየገደለ ሰውን መራመድ፣ መናገር፣ መዋጥ፣ በመጨረሻም መተንፈስ የሚከለክል በሽታ ነው። ማኅበሩ 77 ሚሊዮኑን ለምርምር መደበ። ከዚህ ውስጥ 1 ሚሊዮን ዶላር የደረሰው ፕሮጀክት ማይን የተባለው ጥናት በ11 አገሮች ከ80 በላይ ተመራማሪዎችን አስተባብሮ፣ ኔክ1 የተባለው ዘረመል ከበሽታው ጋር እንደሚያያዝ በ2016 ይፋ አደረገ።

ሌላ 2.2 ሚሊዮን ዶላር አንድ መድኃኒት ለመፈተሽ ዋለ። ሬሊቭሪዮ የተባለው ይህ መድኃኒት በ2022 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ፤ በ2024 ግን ሰፊ ሙከራ ተደርጎበት ሕመምተኞችን እንዳልረዳ ስለታወቀ አምራቹ ከገበያ አወጣው። ልብ ይሰብራል። ቢሆንም ገንዘቡ ባከነ ማለት ስሕተት ነው፤ የማይሠራውን ለይቶ ማወቅም የምርምር ሥራ ነው፣ እሱም ወጪ አለው።

ለዳርፉር የተደረገው የፌስቡክ ዘመቻ ነገር ግን ሌላ ነው። በሱዳኗ ዳርፉር መንደሮች ተቃጥለው ሕዝቡ በመጠለያ ሲማቅቅ፣ ዳርፉርን እናድን በሚል የፌስቡክ ስብስብ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው አባል ሆነ። ኬቪን ሉዊስና ባልደረቦቹ በ2014 ያሳተሙት ጥናት እንደሚያሳየው ከመቶ አባላት ከ99 በላይ የሚሆኑት እዚያ ምንም ገንዘብ አልሰጡም፤ የተሰበሰበው በጠቅላላው ወደ 90 ሺህ ዶላር ነው። በሌላ መንገድ የሰጡ ሊኖሩ ይችላሉ። አብዛኛው አባል ግን ሌላ ሰው እንኳ አልጋበዘም።

ለምን? የካናዳው ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፍንጭ አግኝተዋል። ለጦር ሠራዊት አርበኞች መታሰቢያ የሚደረገውን ቀይ አበባ ለአንዳንዶች ደረታቸው ላይ እንዲያደርጉት፣ ለሌሎች በፖስታ ከተው ሰጡ። ቀጥሎ ለአርበኞቹ ገንዘብ ሲጠየቅ የበለጠ የሰጡት በፖስታ የተቀበሉት ናቸው። በሰው ፊት የታየ ድጋፍ ደግ ሆኖ የመታየትን ፍላጎት ስለሚያረካ፣ ለቀጣዩ ጥያቄ ያለውን ፈቃደኝነት የሚቀንስ ይመስላል።

ባልዲውም በሰው ፊት ነበር። ልዩነቱ ገንዘቡ ከጨዋታው ሕግ ጋር አብሮ መምጣቱና ቀነ ገደብ መኖሩ ነው። የዳርፉሩ ገጽ አባል መሆንን ብቻ ዋና ተግባር አስመሰለው።

በኢትዮጵያ ለሕክምና እርዳታ የሚለጠፉ ጥሪዎች በዚህ በኩል ይሻላሉ፤ ከፎቶው ሥር የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ብዙ ጊዜም የሚያስፈልገው የገንዘብ መጠን ይጻፋል። የሚጎድለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ስንት ተሰበሰበ? ሰውዬው ታከመ? የተረፈ ካለ ለማን ተሰጠ? ጥሪውን ያወጡ ሰዎች ይህን መልስ ለሰጪዎች በዚያው ገጽ ላይ ሳይለጥፉ ሒሳቡን መዝጋት የለባቸውም፤ ሼር ያደረገም ሁሉ ሊጠይቃቸው ይገባል።