በጥቁር ልብስ የገዛኋቸው ባለቀለም ድሪያዎች

አልጋዬ ሥር፣ ከግድግዳው ጥግ፣ አንድ ትልቅ ሰማያዊ ፌስታል ነበር። ውስጡ አምስት ድሪያ። አንዱ ብርቱካንማ፣ አንዱ ቅጠልያ፣ ሁለቱ አበባ የተረጨባቸው፣ አንዱ ደግሞ እስከ ዛሬ ቀለሙን በአማርኛ ምን እንደምለው ያላወቅሁት። አምስቱንም የገዛኋቸው ከኅዳር እስከ የካቲት 2017 ዓ.ም. ባሉት አራት ወራት ነው። በእነዚያ አራት ወራት ከራሴ እስከ እግሬ ጥቁር ለብሼ ነበር። እናቴ ያረፈችው በጥቅምት ነው።

ልለብሰው የማልችለውን ልብስ ለምን እንደገዛሁ የጠየቀኝ አልነበረም፤ ማንም አላየማ። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

የድሬዳዋን ፀሐይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ከተማዋ ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ሰዉ በየቤቱ ይጠለላል፣ የከዚራ ዛፎች ብቻ ቆመው ይቀራሉ። ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ሁሉም እንደገና ይወጣል። እኔ ከሥራ የምወጣውም በዚያው ሰዓት ነው። በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ስሠራ ስምንት ዓመቴ ነው። ከለቅሶው በፊት በቀጥታ ወደ ቤት እሄድ ነበር። ከለቅሶው በኋላ ግን ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ሾፌሩ «የት ነው?» ሲለኝ አፌ «ታይዋን» ይላል።

ታይዋንን ለማያውቋት፦ ጫማው፣ ሽቶው፣ ስልኩ፣ ጨርቁ፣ የሕፃን ልብሱ በጠባብ መተላለፊያ ግራና ቀኝ እስከ ጣሪያ የተሰቀለባት ገበያችን ናት። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ሳያያት አይመለስም። እዚያ ስገባ የዕጣኑ ሽታ፣ የአማርኛው፣ የኦሮምኛው፣ የሶማሊኛው ጩኸት ተቀላቅሎ ይቀበለኛል። ያለቅሶ ፊት የሚያየኝ የለም። «ነይ እስቲ አባዮ፣ ይቺን እይልኝ!» የምትለኝ አንዲት ባለሱቅ ነበረች። አባዮ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው። በዕድሜ እናቴን ልታክል ትንሽ ነው የቀራት፤ እኔም እሷም «አንቺ» ነው የምንባባለው። ድሬ «እርስዎ» ብዙም አያውቃትም።

ጨርቁን ትዘረጋልኛለች። እነካዋለሁ። «ይሄኛው» እላለሁ። በዚያች ቅጽበት ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ይነሳልኛል። እውነቴን ነው፤ ይነሳል። ቤት ስደርስና ፌስታሉን አልጋ ሥር ስከተው ተመልሶ ይቀመጣል።

ይህን ስሜት በኋላ ላይ ሳነብ አገኘሁት። በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ስኮት ሪክና ባልደረቦቹ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን አሳዛኝ ፊልም ካሳዩ በኋላ ዕቃዎች አቀረቡላቸው። ገሚሱ ሊገዙት የሚፈልጉትን እንዲመርጡ፣ ገሚሱ ዝም ብለው ዕቃውን በሌላ መስፈርት እንዲለዩ ተደረገ። ሐዘኑ ይበልጥ የቀለለላቸው የመረጡት ናቸው። ምርጫው የይስሙላ ነበር፤ ከኪሳቸው የወጣ ገንዘብ አልነበረም። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት ሐዘን «ምንም በእጄ አይደለም» የሚል ስሜት ይዞ ይመጣል፤ መምረጥ ደግሞ በጥቂቱም ቢሆን በእጃችን ያለ ነገር እንዳለ ያሳየናል።

ይህን ሳነብ ስለ ለቅሶው አሰብኩ። ድንኳኑ የት እንደሚተከል ዕድሩ ወሰነ። የት እንደምትቀበር ታላቅ ወንድሜ ወሰነ። የአርባዋን ድግስ አክስቶቼ ወሰኑ። ስንት ቀን ፍራሽ ላይ እንደምቀመጥ፣ ምን እንደምለብስ፣ መቼ እንደምበላ ሁሉ የተወሰነ ነበር። ሁሉም በፍቅር ነው ያደረጉት፤ ዕድራችን ባይኖር እንዴት እንደምንወጣው አላውቅም። ግን እናቴ ከሞተች ጀምሮ «ምን ትመርጫለሽ?» ብላ የጠየቀችኝ የመጀመሪያዋ ሰው ያቺ ባለሱቅ ናት።

በዚያው ጥናት ሌላም ነገር አለ፤ መምረጥ ንዴትን አላበረደም። ይህንንም በራሴ አይቼዋለሁ። በእናቴ ቤት ጉዳይ ከወንድሜ ጋር በስልክ የተጣላሁ ዕለት እንደ ልማዴ ታይዋን ገባሁ። አንድ ጫማ ገዛሁ። እየተናደድኩ ገባሁ፣ እየተናደድኩ ወጣሁ፤ ጫማው ደግሞ ቤት ሲለካ በአንድ ቁጥር ጠበበኝ። ለጎረቤቴ ልጅ ሰጠኋት።

እዚህ ላይ ስለ እናቴ ትንሽ ላውራ፤ የገበያ ሰው ነበረች።

በድሮው ባቡር ዘመን ወደ ጅቡቲ መስመር ከሚመላለሱት ሴቶች አንዷ ነበረች። ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው ይባላል፤ ሐዲዱ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ሲደርስ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው። ለእኛ ቤት ግን ባቡሩ እንጀራ ነበር። ፊናንሶቹ ሻንጣ ስለሚፈትሹ ሴቶቹ ጨርቁን ይለብሱታል። እናቴ በዚያ ሙቀት አራት ቀሚስ ደርባ፣ ወፍራ፣ በላብ ተጠምቃ ስትገባ አስታውሳለሁ። አንድ በአንድ እያወለቀች አጣጥፋ ትደረድራቸዋለች፤ በማግሥቱ ይሸጣሉ። ለራሷ አንዱንም አታስቀርም ነበር። እሷ ልትሸጠው አራት ደርባ ትለብሳለች፤ እኔ ላልለብሰው አምስት እደብቃለሁ።

ታዲያ እሷስ ሲከፋት ምን ታደርግ ነበር? ገበያ ትወጣ ነበር! «ቀፊራ ደርሼ ልምጣ» ትላለች። አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሚታይበትን ደቻቱን ተሻግራ፣ በእነዚያ በቅስት በሮች ገብታ፣ ከገጠር ከመጡት የኦሮሞና የሶማሌ ሴቶች ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ ትከራከራለች። ስትመለስ ዘንቢሏ ውስጥ ያለው ቲማቲምና አንድ እስር ሽንኩርት ነው። ፊቷ ግን ሌላ ነው። ያን ጊዜ ለቲማቲም ይህን ያህል ጊዜ ማጥፋቷ ይገርመኝ ነበር።

ወደ እኔ ልመለስ። ከ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የምንዛሬ ለውጥ በኋላ ከውጭ የሚገባው ጨርቅ ዋጋ ምን እንደሆነ የቤት እመቤቶች ታውቃላችሁ። ደመወዜ ሲያልቅ በዱቤ ወሰድኩ። አንዷ ሱቅ ዱቤው ሲያሳፍረኝ ሌላ ሱቅ ጀመርኩ። በየካቲት መጨረሻ ላይ የሁለቱ ሱቅ ዕዳዬ ተደምሮ 14,500 ብር ሆነ። የሌላውን ሒሳብ በየወሩ የምዘጋ ሰው ነኝ፤ የራሴን ግን ወረቀት ላይ አላሰፈርኩትም።

በመጋቢት ዕቁቤ ወጣልኝ። አሥራ ሁለት ነን፣ በወር ሦስት ሦስት ሺህ፣ 36,000 ብር። ይህ ገንዘብ ከባለቤቴ ጋር ተማክረን ለሮቶ ያሰብነው ነበር። በእኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በበጋ ጀሪካን ተሸክሞ የሚሮጠው እሱ ነው። ባለ ሁለት ሺህ ሊትር ልንገዛ ቦታውን ሳይቀር በሲሚንቶ አስተካክሎ ነበር።

ከመናገሬ በፊት ልጄ ቀደመችኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ኳሷ አልጋ ሥር ገብታባት ልታወጣ ስትጎነበስ አገኘችውና «አባዬ፣ እማዬ የተደበቀ አዲስ ልብስ አላት!» ብላ ብርቱካንማውን እየጎተተች ሳሎን ገባች።

ይጮሃል ብዬ ነበር። አልጮኸም። አምስቱንም አንድ በአንድ አውጥቶ ሶፋው ላይ ዘረጋቸው። ከዚያ ጥቁሩን ቀሚሴን አየና «መቼ ልትለብሺው ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴን እሱ ፊት ጮክ ብዬ አለቀስኳት። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ እንግዳ ስቀበል እንደዚያ አላለቀስኩም።

ዕዳውን ስነግረው ግን ዝም አለ፤ የሱ ዝምታ ለሁለት ሳምንት ያህል ቆየ። ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። ዕቁቡ ላይ 14,500 ሲቀነስ 21,500 ብር ቀረ። ያሰብነው ሮቶ ቀርቶ ባለ አንድ ሺህ ሊትሩን ገዛን። የተስተካከለው ሲሚንቶ ግማሹ አሁንም ባዶ ነው።

ዕዳዬን ልከፍል ታይዋን የሄድኩ ቀን ባለሱቋ ብሩን ቆጥራ ስትጨርስ ቁጭ በይ አለችኝ። ሻይ አስመጣችልኝ። «እናትሽ ናት?» አለችኝ ወደ ጥቁሩ እያየች። አዎ አልኳት። «እኔ በልብስሽ አይደለም ያወቅሁሽ። ያዘነ ሰው ዋጋ አይከራከርም። ሦስት ሺህ ስልሽ ሦስት ሺህ ትሰጪኛለሽ፤ የድሬ ሰው እንዲህ አያደርግም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነጋዴ ነኛ፣ አቦ!» ብላ ሳቀች። ትንሽ ቆይታ ግን ከሳቋ ተመለሰችና እሷም ባሏ የሞተ ጊዜ የወርቅ ጉትቻ ገዝታ እንደነበር ነገረችኝ።

ነገሩን ሳጣራ ይህም ተጠንቷል። ጄኒፈር ለርነርና ሁለት ባልደረቦቿ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ያዘኑ ሰዎች ካላዘኑት ይልቅ ለዚያው ዕቃ ከፍ ያለ ዋጋ ለመክፈል ፈቃደኛ ሆነው ተገኝተዋል፤ ያሳዘናቸው ነገር ከዕቃው ጋር ምንም ግንኙነት ባይኖረውም። የታይዋን ባለሱቆች ጥናቱን ማንበብ አላስፈለጋቸውም።

አሁን ገበያ መውጣቴን አልተውኩም። እንዲያውም እንዲተዉ የሚመክሩ ሰዎች ያበሳጩኛል። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ልጄን ይዤ ቀፊራ እሄዳለሁ። አምስት መቶ ብር በእጄ፣ በቴሌብር የሚከፈልበት ስልክ ቤት። ሎሚ እመርጣለሁ፣ በርበሬ አሸታለሁ፣ ማንጎ እየነካሁ እከራከራለሁ። ልጄ «እማዬ፣ አሥር ብር ነው እኮ!» ትለኛለች። እኔም እንደሷ ነበርኩ። በየማታው በድብቅ የሚገዛ፣ ባሏን ወይም ሚስቱን የሚዋሽ፣ ዕዳው እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ካለ ግን ሎሚ አይበቃውም፤ ያ የአእምሮ ጤና ባለሙያ የሚያየው ነገር ነው። እኔ እዚያ ጫፍ ደርሼ ነበር ወይስ አልደረስኩም? ልጄ ኳሷን ባትፈልግ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እንጃ።

ከድሪያዎቹ አንዱን የእናቴ ሙት ዓመት ወጥቶ ጥቁሬን የገፈፍኩ ዕለት ለበስኩት፤ ብርቱካንማውን። ሁለቱን ለእህቶቼ ሰጠሁ። ስሙን የማላውቀው ቀለም ያለውን አስቀርቼዋለሁ። ቅጠልያው ግን እንደተጣጠፈ ስለነበር ለባለሱቋ መልሼ ልሸጥላት ወሰድኩት።

ስምንት መቶ ብር አለችኝ። ሁለት ሺህ አልኳት። ፋሽኑ አልፎበታል አለች። ገና ትናንት ሦስት ሰው ላይ አይቼዋለሁ አልኳት። ዘጠኝ መቶ አለች። ቀሚሱን መልሼ ፌስታሉ ውስጥ ከተትኩና ተነሳሁ። በሩ ላይ ስደርስ ጠራችኝ። ሃያ ደቂቃ ያህል ተነታረክን፤ ጎረቤት ሱቅ ያሉትም ገቡበት።

«ተሽሎሻል አባዮ» አለችኝ ብሩን እየቆጠረች። 1,400 ነው የጨረስነው።