ሐራጅ የወጣ ቤት ሲገዛ ዋስትናው የማን ነው?

«ሐራጅ» ሲባል የነጋዴ ጆሮ ይቆማል። ከገንዳ ውኃ እስከ መተማ ዮሐንስ ባለው የሰሊጥና የጥጥ አገር ቤት ወይም መጋዘን አስይዞ መበደር የቆየ ነገር ነው። ምርቱ ሲከዳ፣ ወይም ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን እንደተጀመረው ያለ ጦርነት የገላባትን ንግድ ሲያውከው፣ ዕዳው ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። ያን ጊዜ ቤቱ ለጨረታ ይወጣል።

በአሜሪካ እንዲህ ያለ ቤት የሚገዛ ሰው ለባለቤትነት መብቱ ኢንሹራንስ ይገባል። አሠራሩ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1876 በፊላደልፊያ የተጀመረ ሲሆን፣ ዐረቦኑ አንዴ ብቻ ይከፈላል። ከግዢው በፊት የነበረ ስውር ዕዳ ወይም ሌላ ባለመብት በኋላ ብቅ ቢል፣ ኪሣራው በውሉ መሠረት ይካሳል። በእኛ ገበያ ይህ ውል አልተለመደም። ለመያዣ ቤት የሚገባው የእሳት ኢንሹራንስ የሚያድነው ግድግዳና ጣሪያን እንጂ ካርታን አይደለም።

በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97፣ ባንክ በውል ሥልጣን ከተሰጠው ለባለዕዳው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ እንዲሸጥ ፈቅዷል። ሥነ ሥርዓቱን ጥሶ ጉዳት ቢያደርስ ለባለዕዳው ይጠየቃል። ክርክሩ ሲነሣ ግን ብሩ የታሰረበት ገዢ መሐል ላይ ይቆማል።

ስለዚህ ለእኛ ገዢ ዋስትናው ከጨረታው በፊት የሚደረግ ምርመራ ነው። የካርታው ስም፣ ስፋትና ቁጥር ከማዘጋጃ ቤቱ ማኅደር ጋር ይመሳከር። በቤቱ ላይ እግድ ወይም ሌላ የተመዘገበ መያዣ አለመኖሩ ይጣራ። ንብረቱ የጋራ ከሆነ ባልም ሚስትም በመያዣው ውል ላይ መፈረማቸው ይታይ፤ «እኔ አልፈረምኩም» የሚለው ክስ ብዙ ገዢ አንከራቷል። መሬት ስለማይሸጥ የሊዙ ቀሪ ዘመንና ውዝፍ ክፍያው ይጠየቅ። በቤቱ ውስጥ ማን እንዳለም ሄዶ በዓይን ማየት ያስፈልጋል።

የጨረታ ማስታወቂያውም እስከ መጨረሻው መስመር ይነበብ። የስም ማዛወሪያውን፣ ግብሩንና የሊዙን ዕዳ በገዢው ላይ የሚጥለው ዐረፍተ ነገር አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው ያለው።

ከገበያ ዋጋ በታች የተገኘው ልዩነት ለውዝፍ ዕዳና ለጠበቃ የማይበቃ ከሆነ፣ ሲፒኦውን ሳያሠሩ መቅረት ይሻላል።