«ነቅሎ መትከል»፦ ስለ አገር በቀል ዛፎች ሕግ አንዳንድ የስያሜ ጉዳዮች

የሕግ ቃል ሲተረጎም የሚፈጠረው ስሕተት በወረቀት ላይ አይቀርም፤ ወርዶ ከገበሬው ማሳ ይደርሳል። ይህ አጭር ጽሑፍ ጥበቃ የሚደረግላቸው አገር በቀል ዛፎች በግለሰብ ይዞታ ላይ በቅለው ሲገኙ ከነሥራቸው ወደ ሌላ ስፍራ ስለሚወሰዱበት ጉዳይ የሚነገሩትን ቃላት ይመረምራል። ዓላማችን ሕጉን ለመተርጐም ሳይሆን፣ ሕጉ የሚጻፍበትና የሚተረጐምበት አማርኛ አንዱን ድርጊት ከሌላው እንዲለይ ለማገዝ ነው።

1. የጉዳዩ መነሻ

ለምሳሌ ያህል ንፋስ መውጫን እንውሰድ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ከወረታ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ በሚወስደው ጎዳና ላይ ትገኛለች። በዙሪያዋ ባለው የጋይንት ደጋ ጥድና ኮሶ፣ ወደ እስቴና ወደ ስማዳ ዝቅ ሲባል ደግሞ በወይና ደጋው ዋንዛ ይታወቃሉ። ሆኖም በአሁኑ ጊዜ ዓይን የሚገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ ከአገር በቀሉ ደን የተረፈው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ውስጥ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 ለዶክትሬት ባቀረቡት ጥናት በደቡብ ጎንደር የሚገኙ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው የእነዚህን ቅሪቶች ዋጋ አሳይተዋል።

ከቅጽሩ ውጭ ግን በየማሳው ድንበርና በየጓሮው ብቻቸውን የቆሙ ጥዶች አሉ። ከተማ ሲሰፋ ወይም መንገድ ሲወጣ ከእነዚህ አንዱ በመስመሩ ላይ ይገኛል እንበል። ባለ ይዞታው ዛፉን ሊቈርጠው አይፈልግም፤ ገና ለጋ በመሆኑ ከነሥሩ አውጥቶ ወደ ሌላ ማሳው ሊወስደው ያስባል። ይህን የሚያደርግበትን ፈቃድ ለመጠየቅ ማመልከቻ ሲጽፍ በየትኛው ግሥ ይጠቀማል? የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው።

2. «የግል መሬት» እና «የግል ይዞታ»

በውጭ ቋንቋ የተጻፉ ሕጎችን የሚተረጉም ሰው በመጀመሪያ የሚሰናከለው በባለቤትነት ቃል ነው። በዩናይትድ ስቴትስ የአሪዞና ግዛት ሕግ፣ ለምሳሌ፣ ሳጓሮ የተባለው ታላቅ ቍልቋልና ሌሎች የበረሃ እጽዋት የተጠበቁ ናቸው፤ ባለ መሬቱ መሬቱን ከመመንጠሩ በፊት ለግዛቱ የእርሻ መሥሪያ ቤት እንዲያስታውቅ፣ ተክሉም ወደ ሌላ ቦታ ሲወሰድ ፈቃድና ምልክት እንዲኖረው ያዝዛል። እዚያ መሬቱም ተክሉም የባለ መሬቱ ናቸው። ይህን «የግል መሬት» ብሎ መተርጐም ስሕተት የለበትም።

በእኛ አገር ግን የገጠር መሬት በአዋጅ ቍጥር 31/1967 የሕዝብ ሀብት ሆኗል፤ በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ያደርገዋል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው የግል ደኖች አዋጅ በዘመኑ «የግል» ሲል ከሚሰጠው ትርጕም ጋራ የዛሬው አንድ አይደለም። ዛሬ ትክክለኛው ቃል «ይዞታ» ነው። ይኸው አንቀጽ 40 ሰው በጕልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ባፈራው ቋሚ ንብረትና ባደረገው ማሻሻያ ሙሉ መብት ይሰጠዋል። እንግዲህ መሬቱ የጋራ፣ በድካም የተተከለው የግል ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

3. «አገር በቀል»፣ «ወፍ ዘራሽ»፣ «ተካይ»

እዚህ ላይ የገበሬው አማርኛ ሕጉ ያልያዘው ልዩነት አለው። «አገር በቀል» የዘሩን አገር ይናገራል፤ ማን እንደ ተከለው አይናገርም። «ወፍ ዘራሽ» ግን ሰው ሳይደክምበት የበቀለውን ይለያል። አባባሉም ከእውነት የራቀ አይደለም፤ የጥድንም የወይራንም ፍሬ ወፎች በልተው ዘሩን በየስፍራው ይጥሉታልና። በአንድ ማሳ ላይ ያለ ጥድ አገር በቀል ሆኖ ወፍ ዘራሽ፣ ወይም አገር በቀል ሆኖ የተተከለ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያውን ያሳደገ ገበሬ፣ ከከብትና ከእሳት የጠበቀው ራሱ ቢሆንም፣ «የጕልበቴ ፍሬ ነው» ሲል ማስረዳት ይቸግረዋል፤ ሁለተኛውን የተከለ ግን ቀላል መልስ አለው። ስለዚህ «አገር በቀል ዛፍ» የሚለው ስያሜ ብቻውን ስለ መብት ምንም እንደማይናገር ተርጓሚው ሊያስተውል ይገባል። ከ1986ቱ የደን አዋጅ ቍጥር 94 ወዲህ ጥበቃ ሲነሣ አብረው የሚጠሩት ኮሶ፣ ዝግባ፣ ጥድና ዋንዛ ሁሉም አገር በቀል ናቸው፤ አገር በቀል የሆነው ሁሉ ግን ከእነርሱ ጋራ አይቈጠርም።

4. ሦስቱ ግሦች

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ለድርጊቱ የሚቀርቡት ቃላት በተለይ ሦስት ናቸው።

(ሀ) ማዘዋወር። በመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ዘንድ ቀድሞ ወደ ብዕር የሚመጣው ይህ ነው። ነገር ግን በደን ሕጎቻችን «የደን ውጤት ማዘዋወር» ሲባል ግንድን፣ ጣውላንና ከሰልን ከቦታ ወደ ቦታ ማጓጓዝ ማለት ነው፤ ያለ ፈቃድ ሲደረግም ጥፋት ነው። ከላይ የጠቀስነው ገበሬ «ጥዴን ላዘዋውር» ብሎ ቢያመለክት፣ አንባቢው ሹም የተቈረጠ ግንድ ሊጭን እንደ ሆነ ቢረዳ አይፈረድበትም። አንዱ ዛፉን ለማትረፍ፣ ሌላው እንጨቱን ለመሸጥ በአንድ ግሥ ሲጠሩ ቃሉ ለሁለቱም አልጠቀመም።

(ለ) ማፍለስ። ፈለሰ ከግእዝ የወረስነው ነው፤ «ፍልሰታ» እና «ፍልሰተ ዐፅም» በክብር ከስፍራ ወደ ስፍራ መወሰድን ያመለክታሉ። ከዚህ አንጻር ለሕያው ዛፍ የሚስማማ ይመስላል። ይሁንና በተለመደው አማርኛ «ቤቱ ፈለሰ» ሲባል መፍረስና መጥፋት ይሰማል፤ «ፍልሰት» ደግሞ በዛሬው ጽሑፍ ለሰዎች ስደት የተመደበ ያህል ሆኗል። ለሥነ ሕይወት ጽሑፍ ቢጠቅምም ለሕግ ግልጽ አይደለም።

(ሐ) ነቅሎ መትከል። ይህ በሁለት ግሦች የተሠራ ነው፤ በእኛ አስተያየት ጥቅሙም ከዚሁ ይመነጫል። «መንቀል» ብቻውን ማጥፋት ነው፤ «መትከል» ሲከተለው ግን ግዴታው ይሟላል። ሕግ አውጪው ይህን ቃል ሲጠቀም ፈቃዱ ለመጀመሪያው ድርጊት ብቻ እንዳልተሰጠ ቃሉ ራሱ ያስታውሳል።

ከእነዚህ ሌላ «ማንሣት» የሚለውን ማስታወስ ይገባል። በ1997 የወጣውና ኋላ በአዋጅ ቍጥር 1161/2011 የተተካው የካሳ አዋጅ ቍጥር 455፣ ከቦታው ተነሥቶ በሌላ ስፍራ እንደ ቀድሞው አገልግሎት ሊሰጥ ለሚችል ንብረት የማንሻ፣ የማጓጓዣና መልሶ የማቆሚያ ወጪ እንዲከፈል ደንግጎ ነበር። ሐሳቡ ለለጋ ዛፍ ቅርብ ነው፤ ቃሉ ግን ለቆርቆሮ ቤትና ለአጥር የተስማማ ነው። ቆርቆሮ ከተነሣ በኋላ መኖሩን አያቋርጥም፤ ዛፍ ግን ሥሩ ከተጐዳ በቆመበት ይደርቃል።

5. «መጽደቅ»

ስለዚህ ሦስተኛ ግሥ ያስፈልጋል፤ ይህንንም ቋንቋው አስቀድሞ አዘጋጅቶልናል። በአማርኛ የተተከለ ችግኝ ሥር ሰድዶ ሲይዝ «ጸደቀ» ይባላል፤ የደን ባለሙያዎችም የተተከለውንና የጸደቀውን ለይተው ይቈጥራሉ። ነገር ግን ተርጓሚው ይጠንቀቅ፤ በሕግ አማርኛ «ማጽደቅ» ውሳኔን ወይም አዋጅን መቀበል ማለት ነው። «ባለ ይዞታው ዛፉን ያጸድቃል» ተብሎ ቢጻፍ አሻሚ ይሆናል። በአድራጊ ግሥ ፋንታ «ዛፉ በአዲሱ ስፍራ መጽደቁ ሲረጋገጥ» ብሎ መጻፍ አሻሚነቱን ያስወግዳል።

6. ማጠቃለያ

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች የሚከተለውን እናሳስባለን። «ማዘዋወር» ለተቈረጠ እንጨትና ለደን ውጤት ይወሰን። ሕያው ዛፍን ከነሥሩ ወደ ሌላ ስፍራ ለመውሰድ «ነቅሎ መትከል» ይነገር፤ «ማፍለስ» ለሥነ ሕይወት ጽሑፍ ይቈይ። የግዴታው ፍጻሜ በ«መጽደቅ» ይገለጽ። «የግል መሬት» የሚለው የውጭ ሕግ ሲተረጐም ብቻ ይግባ፤ ስለ አገራችን ሲጻፍ «ይዞታ» ይባል። ዛፉ ወፍ ዘራሽ ወይም ተካይ ያለው መሆኑም በማመልከቻው ላይ ይመዝገብ።

የደን አዋጆቻችን በ1986፣ በ1999 (ቍጥር 542) እና በ2010 (ቍጥር 1065) እየተተካኩ ወጥተዋል፤ ወደ ፊትም ይሻሻላሉ። እያንዳንዱ ማሻሻያ የቃላት ማጥሪያም ጊዜ ነው። አዋጅ በምክር ቤት ቢጸድቅ፣ በንፋስ መውጫ ማሳ ላይ ያለው ጥድ እንዲጸድቅ ደግሞ ገበሬውና ሹሙ ሕጉን በአንድ ትርጕም ማንበብ አለባቸው።