ጉድጓድ ውስጥ የተኛ እንስሳ ሙቀቱ እንዴት ይለካል?

የጤነኛ ሰው ሙቀት 37 ዲግሪ ገደማ ነው። ከ35 በታች ከወረደብን አደጋ ላይ ነን። በቴርሞሜትር እንለካዋለን። ጉድጓድ ውስጥ የተኛ አውሬስ?

በአሜሪካ አገር፣ በአላስካ፣ እንደ ፍልፈል መሬት የሚቆፍር ሽኮኮ መሳይ እንስሳ አለ። የብርዱ ወራት ሲገባ ሰባት ስምንት ወር ይተኛል። ተመራማሪዎች ቀደም ብለው በወጥመድ ይይዙታል። አደንዝዘው ሆዱ ውስጥ ትንሽ መለኪያ ያስቀምጣሉ፤ ሰፍተው ይለቁታል። ባንገቱ የሚያስሩለት ሌላ መሣሪያ ብርሃን ይለያል። ብርሃን ካገኘ እንስሳው ደጅ ወጥቷል ማለት ነው።

በ1989 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት ግን ጉድ ያሰኛል። ገላው ከዜሮ በታች ወደ 3 ዲግሪ ወርዶ ተገኘ! በዚህ ብርድ ውሃ በረዶ ይሆናል፤ ደሙ ግን በረዶ አልሆነም። በየሁለት ሦስት ሳምንቱም ራሱን እንደኛ ያሞቃል፤ አንድ ቀን ሳይሞላ ተመልሶ ይቀዘቅዛል።