ሙልሙል፦ የፎገራ ልጆች የቡሄ ዳቦ

ሙልሙል ርዝመቱ የአዋቂ ሰው ስንዝር ያህላል። ሁለቱ ጫፎቹ ሾል ያሉ፣ ወገቡ ሞላ ያለ ትንሽ ዳቦ ነው። ቡሄ ሁልጊዜ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለሚውል ወተትም ቅቤም እንቁላልም አይገባበትም፤ ዱቄት፣ እርሾ፣ ውሃ፣ ጨው፣ ትንሽ ጥቁር አዝሙድ፣ በቃ። ቤተሰቡም ይቀምሰዋል፤ ባለቤቶቹ ግን ልጆች ናቸው። ነሐሴ 12 ማታ ዱላቸውን ይዘው በየደጁ ሆያ ሆዬ የሚሉት ልጆች የሚጠብቁት ይህንኑ ነው። በወረታና በዙሪያዋ ባለው የፎገራ ሜዳ ደግሞ ሙልሙል ከመበላቱ በፊት በልጆች እጅ ያልፋል። ያቦካሉ፣ ያድቦለብላሉ፣ እሳት ያቀብላሉ። ጋጋሪዋ አያት ናት፤ እጆቹ የልጅ ልጆች ናቸው።

ዳቦው ለምን የልጅ እንደሆነ የሚነገረው ታሪክ የታወቀ ነው። ነሐሴ 13 ክርስቶስ በታቦር ተራራ ላይ በጴጥሮስ፣ በያዕቆብና በዮሐንስ ፊት ክብሩን የገለጠበት የደብረ ታቦር በዓል ነው። አበው ሲተርኩ፣ በዚያ ምሽት ከተራራው የወጣው ብርሃን አካባቢውን ቀን ስላስመሰለው ከብት የሚጠብቁ ልጆች መሽቶ እንደሆነ ሳያውቁ በመስክ ቆዩ። ወላጆች ተጨንቀው ችቦ አበሩ፤ ልጆቹ ርቧቸዋል ብለው ዳቦ ያዙ፤ ፍለጋ ወጡ። ዛሬም ማታ ችቦ የሚበራው፣ ሙልሙል የሚጋገረው ለዚህ ነው ይባላል። ልጆች በቡሄ የሚያጮኹት የጅራፍ ድምፅ ደግሞ ከደመናው የተሰማው የአብ ድምፅ፣ የነጎድጓዱ ምሳሌ ነው።

እንግዲህ ቡሄ በመሠረቱ መንገድ ላይ የመሸበት ልጅ በዓል ነው። ይህን ሳስብ ልጆች ለምን እንዲህ እንደሚወዱት ይገባኛል። ውስጡ ፍርሃት አለበት። ፎገራ ላይ የነሐሴ ጨለማ ድቅድቅ ነው፤ ሰማዩ በደመና ይሸፈናል፣ እንቁራሪቱ ከየረግረጉ ይንጫጫል፣ ከሩቅ ጅብ ይጮኻል። በዚህ መካከል ከልጥ ወይም ከቃጫ የተገመደው ጅራፍ ሲጮኽ ትንንሾቹ ጆሯቸውን ይደፍናሉ፣ ወዲያው ደግሞ «ድገመው!» ይላሉ። በሌላ ጊዜ ከቤት እንዳይወጡ የሚከለከሉበትን ጨለማ በዚያች ማታ በችቦ እየገፉ ይሄዱበታል። መጨረሻው ትኩስ ዳቦ ነው።

ይህን መሳይ ልማድ በሌላውም ዓለም አለ። በምዕራባውያን ዘንድ በጥቅምት ወር፣ በእነርሱ ኦክቶበር 31፣ ልጆች የሚያስፈራ ጭንብል አጥልቀው በየደጁ ከረሜላ የሚለምኑበት ሃሎዊን የሚባል ምሽት አለ። ከረሜላው ሳይመጣ በፊት በእንግሊዝ አገር ለሙታን ነፍስ እንዲጸልዩ ለልጆችና ለድሆች በየበሩ ትንንሽ የነፍስ ዳቦ ይሰጥ ነበር። አሜሪካ የሚኖሩ አያቶቻችን ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሁለቱንም ያያሉ፤ ነሐሴ ላይ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሆያ ሆዬ፣ ከሁለት ወር ተኩል ገደማ በኋላ ሃሎዊን። ልዩነቱ፣ ከረሜላው ከሱቅ ተገዝቶ ይመጣል፣ ሙልሙሉ ግን በቤት ውስጥ ቀን ተቆርጦለት ይሠራል። የእኔም ወሬ ስለዚህ አሠራር ነው።

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድም የሚገነጠለው እዚያው ነው። የበዓሉን ስም የያዘችው ከተማ፣ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ያለባት፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ሜዳውን አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ። ነሐሴ ላይ ሁለቱም ሞልተው ከአልጋቸው ይወጣሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደሆነው ጎርፉ ሰው ከቀዬው የሚያፈናቅልበት ጊዜም አለ። ደኅና በሆነው ዓመት እንኳ ሜዳው በውሃ ላይ የተነጠፈ አረንጓዴ ነው፤ ሩዙ ቆሞ፣ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል። ስለዚህ የቡሄ መሰናዶ ከዝናብ በፊት ይጀምራል። ዛፍ በሳሳበት ሜዳ ዋናው ማገዶ ኩበት ነው፤ በበጋ ተጠፍጥፎ፣ ደርቆ፣ ተከምሮ፣ ከዝናብ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ፎገራ በላሞቹ የታወቀ አገር ስለሆነ ኩበት አይጠፋም፤ ደረቅ ኩበት በነሐሴ ማግኘት ግን የባለሙያ ሴት ምልክት ነው።

ዱቄቱስ? ስንዴው ከደጋው፣ ከፋርጣ በኩል ይወርዳል። በሜዳው ላይ በብዛት ያለው ሩዝ ነው፤ ሩዝ ደግሞ ለፎገራ የቅርብ ጊዜ እህል ነው። በ1970ዎቹ፣ በደርግ ዘመን፣ በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሞከረ። ዛሬም በገበሬው ዘንድ የታወቀው ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያችው ከጅግና ነው። ውሃ ስለሚተኛበት ሌላ እህል እምቢ ይል የነበረው መሬት ሩዝ አበቀለ፤ አሁን ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከሉም ወረታ ላይ ነው። ሩዙ በቤት ውስጥ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይሆናል፣ ጠላና አረቄም ይወጣዋል። ወደ ሙልሙልም የገባው በዚሁ መንገድ ነው፤ ስንዴ ሲወደድ አያት ሩዝ አስፈጭታ ትቀላቅላለች።

እዚህ ላይ ግን ልክ አለው። ስንዴ ሲታሽ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ነገር ይፈጥራል፤ እርሾው የሚያወጣውን አየር አቅፎ ይዞ ሊጡን ኩፍ የሚያደርገው እርሱ ነው። ሩዝ ይህ የለውም። ሁለት እጅ ስንዴ፣ አንድ እጅ ሩዝ ሲሆን ዳቦው ቅርፊቱ ጠንከር ይላል፣ ውስጡ ነጣ ይላል፣ ጥሩ ነው። ሩዙ ከዚያ ሲያልፍ ሙልሙሉ ሳይነሣ ይቀራል፤ ሲቆርሱትም ይፈረካከሳል። ከአንድ ኪሎ ድብልቅ ዱቄት አሥር ገደማ ሙልሙል ይወጣል።

ሥራው ነሐሴ 11 ማታ ይጀመራል። ከባለፈው ሊጥ የቀረው እርሾ በለብ ያለ ውሃ ይበጠበጣል፤ ጥቂት ዱቄት ይነሰነስበታል፤ ቡሃቃው ተከድኖ ያድራል። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፤ በበጋ ትሞቃለች፣ የክረምት ሌሊቷ ግን ቀዝቃዛ ነውና እርሾው ይሰንፋል። ለዚህ ነው ቡሃቃው በጋቢ ተጠቅልሎ ምድጃው አጠገብ የሚያድረው። ጠዋት ላይ ከላዩ አረፋ ደፍቆ ከተገኘና ሽታው ኮምጠጥ ካለ ደርሷል። ከዚያ ዱቄቱ በወንፊት ይነፋል፤ ይህ የትልቋ ልጅ ሥራ ነው። ጨውና አዝሙዱን አያት ራሷ ትጨምራለች፤ ለልጅ ከተተወ ይበዛል።

«እጅሽን ታጠብሽ?»

«ታጠብኩ እምዬ።»

«እስቲ አሳይኝ።»

እጅ ከታየ በኋላ ማሸት ነው። አያት ጉልበቷ ስለደከመ ማሸቱን ለልጆች ትሰጣለች፤ እርሷ መዳፏን ብቻ ሊጡ ላይ እያሳረፈች ትፈትሻለች። ሊጥ መጀመሪያ ላይ ከጣት አይለቅም፤ ልጁ ተቸግሮ ዱቄት ሊጨምር ሲል እጁን ትይዘዋለች። ዱቄት ሳይሆን ማሸት ነው የሚያስፈልገው። ቆይቶ ሊጡ ከእጅም ከቡሃቃውም ይለቃል፤ ላዩ ይለሰልሳል፣ በጣት ሲጫኑት ይመለሳል። ይህን ምልክት አንድ ጊዜ በጣቱ የያዘ ልጅ በቃል ማስረዳት አያስፈልገውም። እንደገና ተከድኖ ይቀመጣል፤ ከሁሉ የሚከብደው ይህ መጠበቅ ነው።

«እምዬ፣ አሁንስ አልደረሰም?»

«ገና ነው የኔ ጌታ። ሊጥ ቢያስቸኩሉት ይቀየማል።»

ልጆቹ ደግሞ ጾመኞች ናቸው። በፍልሰታ ከሰባት ዓመት ጀምሮ ያሉት ልጆች እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ሳይቀምሱ ይቆያሉ፤ ብዙዎቹም እያስቀደሱ ይቆርባሉ። መጋገሩ ከዚያ በኋላ እንዲሆን የሚመረጠው ለእነርሱ በማዘን ነው። የዳቦ ሽታ እየሸተተው የሚጾም ልጅ መከራው ብዙ ነው።

ሊጡ እንደገና ሲነሣ ይከፋፈላል። አያት አንዱን ቁራጭ በሁለት መዳፏ መካከል እያንከባለለች ጫፎቹን ታሾላለች፤ ልጆቹ እያዩ ይከተላሉ። የልጆቹ ጠማማ ነው፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ይሆናል። አይስተካከልም፤ እንደወጣ ይጋገራል። ከቡሃቃው ጥግ የተፋቀው ቅሪት ደግሞ የትንሹ ድርሻ ነው። እርሱ እባብ ያወጣበታል፣ ከዚያ ጅብ፤ ሁለት የአዝሙድ ፍሬ ዓይን ይሆናሉ። «ይኼን ለማን ልንሰጥ ነው?» ብትለው፣ «ለሆያ ሆዬው አውራጅ!» ይላል።

ከዚያ ኮባው ይመጣል። ኮባ ካልተገኘ የሙዝ ቅጠልም ይሆናል። ቅጠሉ ዝም ብሎ ከታጠፈ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በእሳቱ ላይ ለአፍታ ይለበለባል። ያን ጊዜ ቀለሙ ይጠቁራል፣ እንደ ጨርቅ ይለዝባል፣ ቤቱን የእርጥብ ሣርና የጭስ ሽታ ይሞላዋል። ምጣዱ ላይ ቅጠል፣ በላዩ ሙልሙሎቹ በመደዳ፣ እንደገና ቅጠል፣ ከዚያ አክንባሎ። እሳቱ መለስተኛ ይሁን፤ ኩበት ከእንጨት የሚሻለው እዚህ ላይ ነው፣ ነበልባሉ አይፈናጠርም፣ ፍሙም ይቆያል። ታችኛው ወገን ሲጠነክር ይገለበጣል። መድረሱ የሚታወቀው በጣት ጀርባ ሲመታ ነው፤ ውስጡ ባዶ የሆነ ነገር ድምፅ ከሰጠ በስሏል። ቅጠሉ ሲላጥ የኮባው ቅጠል ጅማት ከነመስመሩ በቅርፊቱ ላይ ታትሞ ይገኛል፤ አንዱ ሙልሙል ካንዱ አይመሳሰልም። ልጆች የራሳቸውን የሚለዩት በጠማማነቱና በዚህ መስመር ነው።

ማታ ችቦው ከበራ በኋላ ሆያ ሆዬ ባዮቹ ይመጣሉ። አንዱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ በዱላቸው መሬት እየመቱ ይቀበላሉ። አባወራውንም እመቤቲቱንም ያሞግሳሉ፤ ዳቦው ሲወጣ ምርቃቱ ይከተላል። በዚህ ጊዜ የቤቱ ልጆች ከአያታቸው ኋላ ቆመው የሚያዩት ነገር አለ፤ የእነርሱ ጠማማ ሙልሙል በማን እጅ እንደሚገባ። በከተሞች፣ ወረታም ጭምር፣ ዛሬ ብዙ ቤት ዳቦ ሳይሆን ብር ይሰጣል። ልጆቹም ብሩን ይመርጣሉ ይባላል፤ አልፈርድባቸውም፣ ደብተርና እርሳስ የሚገዙበት አሉ። ቅር የሚለኝ ለቤቱ ልጅ ነው። ብር ከኪስ ሲወጣ እርሱ የሰጠው ነገር የለም። ሙልሙል ሲሰጥ ግን ያሸው፣ ያድቦለበለው፣ የጠበቀው ተሰጥቷል። ስለዚህ ብሩም ይሰጥ፣ ቢያንስ አንድ ምጣድ ሙልሙል ግን በየቤቱ ይጋገር እላለሁ።

የአብነት ተማሪዎችም በዚህ በዓል የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ፎገራ ያለበት ደቡብ ጎንደር የታወቁት የዜማ ትምህርት ቤቶች፣ የድጓው ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ፣ ያሉበት አገር ነው። ደብረ ታቦር የተማሪው በዓል ተብሎ ስለሚታወቅ፣ ከቤታቸው ርቀው የሚማሩት ልጆች አስቀድመው እህል ይለምናሉ፣ ጠላ ይጠምቃሉ፣ መምህራቸውንና ጎረቤቱን ይጋብዛሉ። አያትና እናት አጠገባቸው ለሌሉት ለእነዚህ ልጆች በሠፈሩ ያሉ ሴቶች ከሙልሙሉ ከፍለው ይልኩላቸዋል።

ሙልሙል በጋቢ ወይም በጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ሁለት ቀን ለስላሳ ይቆያል፤ ሩዝ የበዛበት ቀድሞ ይደርቃል። የደረቀውን ጠዋት ፍም ላይ ጠበስ አድርጎ ከሻይ ጋር መብላት ነው። ምጣዱ ከመሟሸቱ በፊት ግን አያት ከሊጡ አንድ እፍኝ በትንሽ ገንቦ አስቀምጣለች፤ ነሐሴ 16 ጾሙ ሲፈታ የሚጋገረው ድፎ በዚያው እርሾ ይቦካል፤ ከድፎውም ሊጥ ተቀንሶ ለእንቁጣጣሽ ይቀመጣል።